አናጢው እና ሁለቱ ጨዋታዎቹ

ባለፈው ሳምንት ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተሰልፌ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረች ወጣት የጡንቻ ቅባት ከፍታ አሸተተች። ሽታው እኔም ዘንድ ደረሰ። ታውቀዋለህ ያንን ሽታ፤ እንደ ሚንት ማስቲካ ይጀምርና ዓይን ወደ መቆጥቆጥ ይሄዳል። ሰልፉ ወደፊት ሲንቀሳቀስ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «ኤክስኪውዝ ሚ» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

በሐሳቤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርኩ፣ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ። አጠገቤ አንድ አየርላንዳዊ አናጢ የሱሪውን እግር ወደ ላይ ጠቅልሎ ጉልበቱን ያንን ቅባት ይቀባል። እየቀባም ጉልበቱን ይሰድበዋል፤ ጮክ ብሎ አይደለም፣ ከማይሰማ ሰው ጋር ተስፋ ቆርጦ እንደሚነጋገር ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከቢሮዎች ሥር ያለ አንድ ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። አሁን ያ ፓርኪንግ የለም፣ ፈርሶ አፓርትመንት ተሠርቶበታል። ያኔ ግን ከመሬት በታች ሁለት ሌቭል ነበረው፤ ታችኛው በክረምትም በበጋም ይቀዘቅዛል፣ ዘይትና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል፣ መብራቶቹም ቀኑን ሙሉ ዝዝዝ ይላሉ። አናጢው አጠገባችን ያለውን ሕንፃ ከሚያድሱት ሠራተኞች አንዱ ስለነበር ፒክአፑን እኛ ጋ ያቆም ነበር። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ስድስት ይጠጋል። ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ፣ ደረጃ ሲወርድ ግን ግራ እግሩን ቀድሞ እያሳረፈ እንደ ሽማግሌ የሚወርድ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ከፒክአፑ ኋላ፣ ከጣውላውና ከመሰላሉ መሃል፣ ጫፋቸው ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ዱላዎች አየሁ። ምን እንደሆኑ ስጠይቀው አንዱን አውጥቶ ሰጠኝ። እንጨቱ ነጭ ነው፣ መያዣው ላይ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። ሱፐርቫይዘራችን በዚያው ሲያልፉ ቆሙ። የደብረ ብርሃን አካባቢ ሰው ናቸው፣ ስልሳን ያለፉ፣ እኛ ሠራተኞቹ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው። ዱላውን ከእጄ ወስደው ገለበጡት።

«ይቺማ ገና ናት» አሉ። «እኛ አገር ግን ጫፏ ቆልመም ይላል። ይሄ ማንኪያ አስመሰሉት።»

ለአናጢው ተረጎምኩለት። እኛም አገር በገና ሰሞን በዱላ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት ጨዋታ እንዳለ ስነግረው ፊቱ በራ። ከኪሱ በቆዳ የተለበጠች፣ ስፌቷ እንደ ጅማት ጎላ ጎላ ያለ ትንሽ ኳስ አወጣ። በዱላው ጫፍ አንስቶ፣ እዚያው ላይ እያነጠረ፣ እኔን እያየ ያወራ ጀመር። ኳሷን አንዴም አላያትም።

ታሪኩን ያወቅሁት በአንድ ቀን አይደለም። ከሥራ ሲወጣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው ትራፊክ እስኪቀል ቡዜ አጠገብ ተደግፎ ይቆማል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይነግረኛል።

እሱ ባደገበት አውራጃ ሰው የሚሞትላቸው ሁለት ጨዋታዎች አሉ። አንደኛው ይሄ የዱላው ነው፣ ሀርሊንግ ይሉታል። ሁለተኛው ኳሱን በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ነው፣ ጌሊክ ፉትቦል ይሉታል። ለሁለቱም ደሞዝ የለም። አስተማሪው፣ ገበሬው፣ አናጢው ቀን ሥራውን ይሠራል፣ ሲመሽ ይለማመዳል፣ እሁድ ስታዲየም በሞላ ሰው ፊት ለአውራጃው ይጫወታል፣ ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል። በአንዱ ብቻ ለመመረጥ ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ የሚቀር ብዙ ነው። አናጢው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በሁለቱም ተመረጠ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ ሁለት አሠልጣኝ ኖረኝ» አለኝ።

የሀርሊንጉ አሠልጣኝ ፉትቦል የእጅ አንጓህን ያደነዝዘዋል ይለዋል። የፉትቦሉ አሠልጣኝ ደግሞ አንድ ቀን ጣትህን በዱላ ሰብረውት ትመጣለህ ይለዋል። መጀመሪያ ልምምዱን በተለያየ ቀን ያደርጉለት ነበር። በኋላ ሆን ብለው አንድ ምሽት ላይ አደረጉት። እሱም አንዱን ግማሽ ተለማምዶ፣ ላቡ ሳይደርቅ መኪና ውስጥ ገብቶ ወደ ሌላው ይበራል። እዚያ ሲደርስ ዘገየህ ብለው ይቆጡታል፣ እነዚያኞቹ ቶሎ ወጣህ ብለው ተቆጥተውት እንደመጣ ማንም አያውቅለትም። ሁለቱም ምረጥ አሉት። አልመርጥም አለ።

አባቱ የሀርሊንግ ሰው ነበሩ። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ በዝናብም በጭቃም ወደ ጨዋታ ሲያመላልሱት የኖሩት እሳቸው ናቸው። ፉትቦልን ዱላ መያዝ ያቃተው ሰው መጽናኛ ነው ብለው የሚያስቡ ሰው ነበሩ። ቢሆንም ምረጥ ብለውት አያውቁም። ምንም ብለውት አያውቁም፤ መኪናውን ብቻ ይነዳሉ።

በአንድ ዓመት ሁለቱም ቡድኖች ለዋንጫ ደረሱ። የፉትቦሉ ቀደመ፤ አናጢው ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ተጠመዘዘ፣ ቡድኑም በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። የሀርሊንጉ ዋንጫ ሲመጣ እግሩ ድኖ ነበር። አሠልጣኙ ግን አልዳነም ብሎ አስቀመጠው። ተቀያሪዎች መቀመጫ ላይ እንደተቀመጠ ጨዋታው አለቀ። ያም በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። አባቱ ከሕዝቡ መሃል ሆነው ያዩ ነበር። ወደ ቤት ሲነዱ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ከዚያም ወዲያ ስለዚያ ቀን አላነሱም። በሚቀጥለው ክረምት ጭቃ ሜዳ ላይ ሲለማመድ ጉልበቱ ዞረ። ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ ሁለቱም ቡድኖች ሌላ ልጅ አግኝተው ነበር። ሥራም ጠፋ፤ አሜሪካ መጣ።

ይሄን ሲነግረኝ በእሱ ፈንታ እኔ ደሜ ይፈላ ነበር። ለምን አልተናገርካቸውም፣ ለምን እግሬ ድኗል ብለህ አልጮህክም፣ ለምን አባትህን አልጠየቅክም እለዋለሁ። እሱ ፈገግ ይላል።

«እኔ ብዙ ዓመት ተናድጄበታለሁ» ይለኛል። «አንተ ገና መጀመርህ ነው፣ ቀስ በል።»

በዚያ በጋ እኔንም አስገባኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወት ቡድን ነበራቸው፤ ግማሹ አየርላንዳዊ፣ ግማሹ ደግሞ እንደኔ በመንገድ የተለቀመ። ሁልጊዜ ሰው ይጎድላቸዋል። እኔ ኳስ እችላለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ሜዳ ስገባ የማውቀው ሁሉ ጥፋት ሆነ። ፉትቦላቸው ላይ ኳስ ከመሬት በእጅ ቀጥታ አይነሳም፣ በእግር ጫፍ ገፍቶ ወደ እጅ ማድረስ ያስፈልጋል። እኔ ጎንበስ ብዬ አነሳለሁ፣ ፊሽካ ይነፋል። እንደገና አነሳለሁ፣ እንደገና ይነፋል። ሀርሊንጉ ላይማ ባሰ፤ ዱላዬ አየር ይመታል፣ ኳሷ አጠገቤ ሣር ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ቤት ስገባ እናቴ የላላ ጥፍሬን አይታ «ደሞዝ ይከፍሉሃል?» አለችኝ። አይ ስላት ራሷን ነቀነቀችና በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

እሱን ሳይ ግን መሄዴን መተው አልቻልኩም። መሮጥ አይችልም፤ ጉልበቱ ፈቃደኛ አይደለም። ግን ኳሷ ከመምጣቷ በፊት የምትወድቅበት ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ወጣቶቹ ዙሪያውን ይራወጣሉ፣ እሱ አንዴ ይዞራል፣ እንጨቱ ጧ ይላል፣ ኳሷም ከሩቅ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል አልፋ ትሄዳለች። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይይዛል። እንዲህ ያለውን ሰው መቀመጫ ላይ ያስቀመጠው ማን ነው እላለሁ በልቤ፤ ያን የማላውቀውን አሠልጣኝ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

በበጋው ማብቂያ ሳይታሰብ ለሀርሊንጉ ዋንጫ ደረስን። በዚያው ሰሞን አሌክሳንድሪያ ጉልበቱን የሚያይለት ሐኪም ይሄ ጉልበት ከዚህ በኋላ አይጫወትም ብሎት ነበር። አናጢው አንድ ጨዋታ ብቻ ብሎ ተለማመጠው፤ ሐኪሙ ጉልበቱ ያንተ ነው አለው። የዚያን ዕለት ለአባቱ ስልክ ደወለና ና አላቸው። አባቱ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም ነበር። እሺ አሉ።

ከኤርፖርት ስናመጣቸው እኔም ነበርኩ። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ እጃቸው እንደ አካፋ የሰፋ ሽማግሌ ናቸው። መንገዱን ሁሉ ስለ ሙቀቱና ስለ ዛፎቹ ብዛት ሲጠይቁ፣ አናጢው እንደ ትንሽ ልጅ ቶሎ ቶሎ ይመልስላቸው ነበር። እንደዚያ አድርጎ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

የዋንጫው ቅዳሜ ሜዳ የተመደበልን አሌክሳንድሪያ ነበር። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ አደረ። ጠዋት ፀሐይ ወጣች፤ አስፋልቱ እየጨሰ ደረቀ። አባቱ በዚያ ሙቀት ኮትና ክራቫት አድርገው፣ ጫማቸውን ጠርገው ነው የመጡት። አገራቸው ለዋንጫ እንደዚያ ነው የሚኬደው። ስንደርስ በሩ ተቆልፏል፣ ሜዳው ዝግ ነው የሚል ምልክት ተሰቅሎበታል። ሁለቱም ቡድን ዱላውን ይዞ ውጭ ቆሟል። አንድ የፓርኩ ሠራተኛ በትንሽ ጋሪ መኪና ሲመጣ አናጢው ቀረበው።

«ሣሩ እርጥብ ነው» አለ ሠራተኛው።

«እኛ አገር እርጥብ ያልሆነ ሣር ሣር አይባልም» አለ አናጢው። «እባክህ፣ አንድ ሰዓት ስጠን።»

«ቁልፉ እኔ ጋ አይደለም። የሚዘጉትም የሚከፍቱትም ቢሮ ያሉት ናቸው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቢሮ ሰው የለም።»

አናጢው ስልክ ደወለ፤ በማሽን የተቀዳ ድምፅ ሜዳዎች ሁሉ በዝናብ ምክንያት ዝግ ናቸው አለው። እንደገና ደወለ፣ ያው ድምፅ ያንኑ ነገረው። ዳኛው ሌላ ቦታ ጨዋታ ነበረበትና ሄደ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላለፈ ተባለ። የአባቱ አውሮፕላን ግን ሰኞ ነው። ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ። ሽማግሌው ፒክአፑ ውስጥ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ተቀምጠው ጥርት ያለውን ሰማይ ያያሉ።

«ዝናቡ የት አለ?» አሉ።

አናጢው የፒክአፑን በር በሁለት እጁ ይዞ አጥሩን ያያል። እንዳያለቅስ ፈራሁ። እኔም አጥሩን በእርግጫ መታሁት፤ ያተረፍኩት የአውራ ጣት ሕመም ነው።

ስንመለስ ሐሳቡ የመጣው ለእኔ ነው። ፓርኪንጉ ቅዳሜ ባዶ ነው፣ ቢሮዎቹ ዝግ ናቸው፣ መግቢያውን የሚከፍተው ካርድ ኪሴ ውስጥ ነው። ታችኛው ሌቭል ወረድን። አንድም መኪና የለም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲሚንቶው ብቻ፣ መብራቱም ዝዝዝ እንዳለ። አናጢው ሁለት ዱላ አወረደ። እኔን በሁለት ምሰሶዎች መሃል አቁሞ ግብ ጠባቂ አደረገኝ።

አባቱ ኮታቸውን አውልቀው በጥንቃቄ አጥፈው ፒክአፑ ላይ አኖሩት። ክራቫታቸውን በሸሚዛቸው ቁልፎች መሃል ወደ ውስጥ ከተቱት። የመጀመሪያዋን ሳቷት። ሁለተኛዋን ጫፍ ጫፏን ነኳት። ሦስተኛዋን ሲመቷት ድምፁ ግድግዳ መትቶ ተመለሰ፣ ደግሞ ተመለሰ፤ ኳሷ ጆሮዬ ሥር አለፈች። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። አናጢው ሳቀ። ከዚያ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ቆመው ኳሷን ይቀባበሉ ጀመር። እሳቸው ይመታሉ፣ እሱ በአየር ላይ ተቀብሎ ይመልሳል፤ በየመሃሉ ሳላስበው አንዷን ወደ እኔ ይልኳታል። አንዳንዷን በደረቴ፣ አንዳንዷን በሽንጤ እመልሳለሁ።

«ክርንህን ዝቅ» ይላሉ አባቱ። «ጣራው አጭር ነው፣ ዝቅ አድርገህ።»

«እሺ» ይላል የሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሰው።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። የሸሚዛቸው ጀርባ በላብ ጠቁሯል። መጨረሻ ላይ አናጢው አንዷን ከሩቁ ግድግዳ ጥግ መታት፤ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብላ በቀጥታ መጣችና እጄን ሳላነሳ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ፈነዳች። አባቱ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ልጃቸውን ያዩት ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ሌላ ሆነ።

«ያኔ፣ ምረጥ ያሉህ ጊዜ» አሉ፣ «እኔ አሠልጣኙ ቤት ሄጄ ነበር።»

አናጢው ኳሷን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር፣ እንደጎነበሰ ቀረ። እኔም አልተንቀሳቀስኩም። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ።

«አንተ ልጅ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ሱፐርቫይዘራችን ነበሩ። መውረጃውን በፍጥነት ይወርዳሉ፣ ሱፍ ልብስ ለብሰዋል፣ ኮታቸው ላይ አበባ ተሰክቷል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ካምፓኒው ካሜራ ላይ አይቷችሁ ኮል አደረገኝ። ከፌርፋክስ፣ ከሰርግ አስነስተውኝ ነው የመጣሁት።»

«ጋሼ፣ አንድ አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡን» አልኳቸው።

«አምስት ደቂቃ ብዬ ሥራዬን ልጣ? እያዩን ነው እኮ አሁንም» አሉ፣ በዓይናቸው ወደ ካሜራው እየጠቆሙ። ከዚያ ሽማግሌውን አዩ፤ ላባቸውን፣ ሸሚዛቸው ውስጥ የገባውን ክራቫት። ድምፃቸው ላላ። ኳሷን ከመሬት አንስተው በአውራ ጣታቸው ተጫኗትና በሁለት እጃቸው ለአባቱ ሰጧቸው።

«ሩሯ ጥሩ ናት በላቸው» አሉኝ፣ ኳሷን በገና ጨዋታ ስሟ ጠርተው። «ግን ይውጡልኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ በላቸው።»

ወጣን። መኪናው ውስጥ አናጢው ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። አባቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ መንገድ ዳር ያሉት ዛፎች ምን እንደሚባሉ ጠየቁ።

ሰኞ ሄዱ። ማክሰኞ አናጢው ቡዜ ጋ ሲመጣ መጀመሪያ ያልኩት «ጠየቅካቸው?» ነበር።

«እሁድ ጠየቅሁት» አለኝ። «አሠልጣኙ ቤት ሄደህ ምን አልከው አልኩት። 'የቱ አሠልጣኝ?' አለኝ። ቀጥሎ ስለ ሙቀቱ አወራ።»

ልጄን አሰልፍልኝ ብለው ሊለምኑ ሄደው ይሆን? ወይስ ትምህርት ይሁነው፣ አስቀምጠው ብለው? ሁለቱም ይሆናል። አናጢው አንድ ቀን አንዱን፣ አንድ ቀን ሌላውን ያምን ነበር። እኔ ሱፐርቫይዘራችንን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። «ምን አጠፋሁ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው።

«ሁልጊዜ የሚዘጋው የፌርፋክስ መንገድ» አሉ ኋላ፣ «ያን ቀን ቢዘጋብኝ ምን ነበረበት።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳው ተከፈተ። ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ አናጢው ኳስ ለመቀበል ሲዞር ጉልበቱ አብሮት አልዞረም። ደግፈን አወጣነው። የውኃ ማቀዝቀዣ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ያንን ቅባት እየቀባ ቀሪውን አየ። እኔ በሱ ቦታ ገባሁ፤ ኳሷን ከነካሁባቸው ጊዜያት ያጠፋሁባቸው ይበዛሉ። ግን አሸነፍን፣ በአንድ ነጥብ። ሜዳልያውን አንገቱ ላይ ሲያጠልቁለት ገና ከሳጥኑ አልተነሳም ነበር።

«አየህ» አለኝ፣ «ይሄ ሁሉ ዓመት መቀመጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሜዳልያውን አውልቆ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከብሎኖቹ ጋር ጣለው።

ያን ክረምት አባቱ በድንገት ሞቱ። አናጢው ሄዶ ቀበራቸውና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ፒክአፑን ወደ ታች ሲነዳ አየሁት፤ ቆይቶ በእግሩ ወደ ቡዜ ወጣ። ሱፐርቫይዘራችን ተነስተው ወንበራቸውን ሰጡት፣ «እግዜር ያጽናህ» አሉት በአማርኛ። ገባው። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ ከጎማዎቹ የሚቀልጠው ውኃ መግቢያው ላይ ይንጠባጠባል።

«እኛ አገር» አለ፣ «ሬሳው ቤት ውስጥ ሆኖ አገሩ ሁሉ በሰልፍ መጥቶ የቤተሰቡን እጅ ይጨብጣል። እኔም ቆሜ እጨብጣለሁ። አንዱ መጣና 'አባትህ ስለ ዋንጫው ነገረን' አለኝ። የቱ ዋንጫ ስለው 'የዋሽንግተኑ ነዋ' አለኝ። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው። ከአሜሪካ ከተመለሰ ጀምሮ በየሱቁ፣ በየመጠጥ ቤቱ ያንኑ ነው አሉ የሚያወራው። የልጄን ዋንጫ አየሁ፣ ጣራ ባለው ሜዳ ነው የሚጫወቱት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሲጫወት አላየሁትም ይላል አሉ።»

ሱፐርቫይዘራችን ምን እያለ እንደሆነ በዓይናቸው ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ዓይናቸውን ወደ በረዶው መለሱ።

«አንተም አለህበት» አለኝ አናጢው። «ሦስት ግብ አድነሃል። ግብ ጠባቂው ሐበሻ ነው፣ ደፋር ልጅ ነው ብሏል።»

«ስለ አሠልጣኙስ?» አልኩት።

«እሱን ለማንም አልነገረም» አለ። የጓንቱን ጣት እየጎተተ ቆየ። «አንድ ሽማግሌ ግን እጄን ይዞ አልለቅም አለ። የድሮ ተጫዋች ነው። ያቺን የመጨረሻዋን እንዴት እንዳስገባሃት ካልነገርከኝ አለኝ። ከኋላ ሰልፉ ቆሟል፣ ሁሉም ያዳምጣል፣ አባቴ እዚያ ተኝቷል።»

«ምን አልከው?»

«ጣራው አጭር ስለነበር ዝቅ አድርጌ መታኋት አልኩት።»